የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባለሙያ ፎቶ አንሺ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። አንድ ካሜራና ሁለት ሌንስ ይዤ የዘመድና የጓደኛ ሰርግ በነፃ ሳነሳ ቆይቻለሁ። አሁን «ከፍለንህ አንሳን» የሚሉ መጥተዋል። ባለሙያ ለመባል ሰርተፊኬት ያስፈልጋል? ትልቅ ካሜራ? ወይስ ገንዘብ መቀበሉ ይበቃል?

መልስ፦ በክፍያ ለመሥራት ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ። ሰርተፊኬት ቢኖርዎ ጥሩ ነው፤ ደንበኛ የሚያየው ግን ሥራዎን ነው። በነፃ ሲያነሱ አምስት ግሩም ፎቶ ካወጡ ይመሰገናሉ። በክፍያ ሲሆን የቀለበቱ፣ የኒካሁ፣ የጉልበት መሳሙ ፎቶ መብራት ቢጠፋም ካሜራ ቢበላሽም መገኘት አለበት፤ ሰርግ አይደገምም። ባለሙያ የምንለው ይህን ኃላፊነት መሸከም የሚችለውን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ካሜራ ሳይዙ ሥራ አይቀበሉ። አሮጌም ይሁን የተከራዩት፣ ሌንስዎ የሚገጥምለት ይሁን። ካሜራው ሁለት የሜሞሪ ቦታ ካለው፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ሳይሆን ሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ ያስተካክሉት። ባትሪ ቢያንስ ሦስት ይያዙ። የደሴ የጥር ማለዳ ብርድ ባትሪ ያደክማል፤ ትርፉን በኮትዎ የውስጥ ኪስ ያኑሩት። ከዚያ ብርድ ወጥተው ሰው ወደ ሞላበት፣ ድስት ወደሚንተከተክበት ቤት ሲገቡ ደግሞ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ካሜራውን ሳያወጡ ቦርሳው እንደተዘጋ ሃያ ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ለዚህም ቀድመው ይድረሱ።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ነጭና ጥቁር ልብስ ላይ ነው። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ የቬሎው ጥልፍ ነጥቶ ይጠፋል። በተቃራኒው ነጠላ የለበሱ እናቶች ተሰልፈው ሲቆሙ ብርሃን ይቀንስና ፊታቸው ይጠቁራል። መፍትሔው አውቶማቲኩን ትቶ በማኑዋል መሥራት ነው፦ ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ለክተው ያስተካክሉ፣ የነጣውን ቦታ በብልጭታ የሚያሳየውን ምልክት ይክፈቱ፣ ፎቶውንም በራው (RAW፦ ካሜራው ሳይጨምቀው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያስቀምጡ። ጥቂት የጠቆረ ፊት በኤዲት ይመለሳል፤ ፈጽሞ የነጣ ጥልፍ ግን አይመለስም።

ድንኳን ውስጥ ፍላሽ ወደ ላይ አዙሮ ማንሳት አይሆንም። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ፊቱ ሁሉ ሰማያዊ፣ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ይሆናል። ፍላሹን ከካሜራው አውርደው በማቆሚያ ላይ በነጭ ጃንጥላ በኩል ከጎን ያብሩት። ረዳት ከሌለዎ ማቆሚያውን በአሸዋ ከረጢት ያስሩት፤ ሕፃናት ይጥሉታል።

ማታ ሳይተኙ ፎቶዎቹን ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ይገልብጡ፤ አንዱን ሌላ ቤት ያስቀምጡ። አልበሙ እስኪረከብ ሜሞሪውን ፎርማት አያድርጉ።

ዋጋንም ከጎረቤት ስቱዲዮ ብቻ አይቅዱ። የብዙ ካሜራዎች ሻተር (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ዕድሜ ከ100,000 እስከ 200,000 ፎቶ ያህል ይገመታል። በአንድ ሰርግ 2,000 ካነሱና ዝቅተኛውን ከወሰድን፣ ካሜራው 50 ሰርግ ያገለግላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የካሜራውን ዋጋ አንድ ሃምሳኛ ለብቻ ያስቀምጡ። ይህን የማያደርግ ካሜራው በሞተ ቀን ከሥራ ይወጣል። ቀብዱን፣ የፎቶውን ብዛትና የማስረከቢያውን ቀን ለዘመድም ቢሆን በወረቀት ይዋዋሉ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁርና ቢጫ መስመር ይወጣል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከመብራቱ ሳይሆን አይቀርም። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የኤልኢዲና የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዓይን አያየውም፣ ፈጣን ሻተር ግን ይይዘዋል። የሻተሩን ፍጥነት 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ ያድርጉ፤ ቪዲዮ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬምና 1/50። ድምፅ የሌለውን የኤሌክትሮኒክ ሻተር ያጥፉት፤ መስመሩን ያባብሰዋል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ድግግሞሹ ሊዛነፍ ስለሚችል አንድ የሙከራ ፎቶ አንስተው አጉልተው ይዩ። መስመሩ ፍላሽ ሲጠቀሙ ብቻ፣ በፎቶው አንድ ጠርዝ ላይ የሚወጣ ጥቁር ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ሻተሩ ከፍላሹ ጋር ከሚስማማበት ፍጥነት አልፏል። ወደ 1/160 ያውርዱት።

ጥያቄ፦ ያነሳኋትን ሙሽራ ፎቶ ለማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ብለጥፍ ችግር አለው?

መልስ፦ ሳያስፈቅዱ አይለጥፉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ፈቃዱን ውሉ ላይ በአንድ መስመር ያስፍሩት፤ ሙሽራዋ ራሷ ትፈርምበት። ከሴቶች ግብዣ የተነሱትን ፎቶዎች ግን ለይተው ይጠይቁ፤ የቬሎውን ፈቅዳ የሂናውን ምሽት የምትከለክል ሙሽራ ብዙ ናት፣ እዚያ የታዩት እንግዶችም የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው።