«ሰገድክ?» ስለው ይዋሸኛል

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደቆሬ ነው። እናታችን አምና ከሞተች ወዲህ የ19 ዓመት ወንድሜ ከእኔ ጋር ነው። ቀፊራ አካባቢ ሞባይል ጥገና ይሠራል። መድረሳ የቀራ፣ ሶላት የማያልፈው ልጅ ነበር። አሁን ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ስቀሰቅሰው «እሺ» ብሎ ይገለበጣል። «ሰገድክ?» ስለው «አዎ» ይለኛል። ባለፈው ለሶላት እንደታጠበ ሰው ክንዱን አርጥቦ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። በኋላ ብገባ መስገጃው እኔ እንዳጠፍኩት ቁጭ ብሏል። ተናድጄ እንግዶች ፊት «ይሄ እኮ ሶላት ትቷል» አልኩ። «እማዬ ቀብሯ ውስጥ ምን ትል?» ያልኩት ቀን ደግሞ «አቦ ተይኝ!» ብሎ ወጥቶ ሌሊት 6 ሰዓት መጣ። አጎታችን የጫት ጓደኞቹ ናቸው ያበላሹት ይላሉ። ጁምዓ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው ሊመክሩት ነው። ዝም ብል አኺራ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ እጠየቃለሁ፤ ብናገር ይርቀኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናታችሁን አላህ ይማርልሽ።

«በሃይማኖት ማስገደድ የለም» የሚለውን አንቀጽ ጠቅሼ «ተይው» እንድልሽ ጠብቀሽ ይሆናል። አልልሽም። ብዙ ዑለማ፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ አንቀጹ ወደ እስልምና ስለመግባት ነው እንደሚሉ ታውቂያለሽ፤ ብይኑም የእነሱ እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም። ቤተሰብን በሶላት ማዘዝ ቁርኣን ውስጥ አለ፤ ጣሃ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 132። ግን እዚያው ላይ የሚያዘው ሰው ራሱ በሶላቱ እንዲጸና፣ እንዲታገሥ ታዟል። ትዕግሥቱ የተጠየቀው መጀመሪያ ካንቺ ነው ማለት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ያ መስገጃ ነው። ልጁ ክንዱን ያረጠበው ለማን ነው? ለአንቺ። ግፊትሽ ሶላት አላመጣም፤ ውሸት ግን አምጥቷል። መጥፎ ልጅ ስለሆነ እንዳይመስልሽ። ግድ የሌለው ሰው ክንዱን አያረጥብም፣ ፊት ለፊት «አልሰግድም» ይልሽ ነበር። ፊትሽ እንዳይጠቁርበት ፈርቷል።

ማበረታታትና መጫን የሚለዩት «አይ» ሲልሽ ነው። ቀስቅሰሽው ካልተነሳ ቁርሱ ያው ቁርስ፣ ፊትሽም ያው ፊት ከሆነ አበረታተሽዋል። ሻዩን እያስቀመጥሽ ከተነፈስሽበት፣ ሙሉ ቀን ከተኮሳተርሽበት ግን ቃልሽ ምንም ቢለሰልስ ጭነሽዋል። በለስላሳ ድምፅም እኮ ሰው ይጫናል፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል።

በ1993 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ራያንና ባልደረቦቹ ክርስቲያኖች ላይ ያወጡት ጥናት አለ። አምልኮውን አምነውበት የሚፈጽሙትና «ብተወው ሰው ምን ይለኛል፣ ጸጸቱስ» እያሉ የሚፈጽሙት የአእምሮ ጤናቸው አንድ አልነበረም። ጭንቀትና ድብርት ከሁለተኛዎቹ ጋር አብሮ ይታይ ነበር። ሙስሊሞች ላይ የተሠራ ባይሆንም ለቤታችሁ ሩቅ ነገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ እናታችሁ። ለሱብሂ የምትቀሰቅሰው እሷ ነበረች ወይ? ደብዳቤሽ አይነግረኝም፤ ልጠረጥር ግን እችላለሁ። እንደዚያ ከሆነ አንቺ ስትሰግጂ እናትሽን ታገኛታለሽ። እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚሰማው የጠፋ ድምፅዋን ይሆናል። ሁለታችሁም እያዘናችሁ ነው፣ በተለያየ መንገድ። ለዚህ ነው «ቀብሯ ውስጥ ምን ትል» የምትለዋ ከሁሉም የከፋችው። ደግመሽ አትበያት።

እንግዶቹ ፊት ላልሽው ይቅርታ ጠይቂው። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን፣ መስጊድ ውስጥ የሸናውን የገጠር ሰው ታሪክ ታውቂዋለሽ። ሶሃባዎቹ፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ሊነሱበት ሲሉ ነቢዩ ተዉት አሉ፤ ሲጨርስ ሽንቱ ላይ ውሃ አስፈሰሱ። ሰውየው መስጊድ ውስጥ ሸንቶ እንኳ በሰው ፊት አልተዋረደም።

ከዚያ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሻይ አፍልተሽ፣ እንዲህ በይው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሰገድክ ብዬ አልጠይቅህም። ስትፈልግ አብረን እንሰግዳለን። ልቀስቅስህ ወይስ ልተው?» ተይ ካለሽ ተዪው። እውነት ለመናገር ለተወሰነ ጊዜ ጭራሽ ላይሰግድ ይችላል። ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። ግን ያኔ ቢያንስ እውነቱን እያየሽ ነው። አንቺ የራስሽን ሶላት እሱ ባለበት ስገጂ፣ ዱዓሽንም አታቋርጪ። ብቻ ጮክ ብለሽ እሱን እያሰማሽ አይሁን፤ ያም ተግሣጽ ነው።

የጫቱን ነገር ለብቻው አዪው። ድሬ ውስጥ እየቃመ አምስት ወቅት የሚሰግድ ሞልቷል፤ ምክንያቱን እዚያ ላይ መደፍደፍ ለአጎታችሁ ይቀላል። ይልቅ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሥራ መግባቱን ተከታተዪ። እነዚህም ከተበላሹ፣ ወይም «መኖር ሰልችቶኛል» ዓይነት ነገር ካወራ፣ ጉዳዩ የሶላት አይደለም፤ ሳትቆዪ ሐኪም ጋ ይዘሽው ሂጂ።

የጁምዓው ሽምግልና ይቅር። ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ የ19 ዓመት ልጅ የሚመልሰው «እሺ» ብቻ ነው። ያንን «እሺ» በየሱብሂው እየሰማሽው ነው። አጎታችሁ መምጣታቸው ካልቀረ ብቻቸውን ይምጡ፤ ምሳ ይብሉ፣ ስለ እናታችሁ ልጅነት ያጫውቱት። ሶላቱን ያን ቀን አያንሱበት።