ስለ ሞተር ነርቭ ሕመምና ስለ ደም ምርመራው፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ወንድሜ ኤኤልኤስ (ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች እየሞቱ ጡንቻ የሚከሳበት የሞተር ነርቭ ሕመም) ነው ተባለ። ኤንኤፍኤል የተባለውን የደም ምርመራ በየወሩ ብናሠራለት ሕመሙ የት እንደ ደረሰ እናውቃለን?

መልስ፦ በየወሩ አትልፉ። ኤንኤፍኤል ነርቭ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ገና በሕመሙ መጀመሪያ ከፍ ይልና ብዙውን ጊዜ እዚያው ይረጋል። ስለዚህ የሚናገረው ስለ ፍጥነቱ እንጂ ስለ ደረሰበት ቦታ አይደለም፤ በጣም ከፍ ካለ ቶሎ የሚገፋ ሕመም ነው። ዕድሜ፣ የኩላሊት ድካም፣ ስትሮክና የስኳር የነርቭ ጉዳትም ከፍ ያደርጉታል። መደጋገሙ የሚጠቅመው መድኃኒት መሥራቱን ለማየት ነው። በኤስኦዲ1 ዘረመል ለውጥ ለሚመጣው ሕመም ብቻ የሚሰጠው ቶፈርሰን በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኤንኤፍኤልን በመቀነሱ ነበር።

ጥያቄ፦ እዚሁ በሚገኝ ምርመራስ?

መልስ፦ ክሪያቲኒን፤ ከጡንቻ ወጥቶ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ ነው። ምርመራው ርካሽ ነው፤ ጡንቻ ሲከሳ አብሮ ይወርዳል። በየ3 ወሩ፣ በአንድ ላቦራቶሪ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይወሰድ። የዓቢይ ጾሙን ውጤት ከፋሲካ ሰሞኑ ጋር አታወዳድሩ፤ የበሰለ ሥጋ ክሪያቲኒንን ከፍ ስለሚያደርግ ጡንቻው የተመለሰ ይመስላል። አንድ ወጥመድ አለበት፦ ጡንቻው ባለቀ ሰው ላይ «ኖርማል» የሆነ ክሪያቲኒን የታመመ ኩላሊትን ይደብቃል። መድኃኒት ሲመጠን ሐኪሙ ይህን ያስብ፤ በጡንቻ መጠን እምብዛም የማይለዋወጠው የኩላሊት የደም ምርመራ፣ ሲስታቲን ሲ፣ ከተገኘ ይሻላል። ከደሙ ጎን ደግሞ 12 ጥያቄ ያለውን፣ ከ48 የሚታሰበውን የኤኤልኤስ የአቅም መለኪያ ሙሉ። ከ48 ያሁኑን ነጥብ ቀንሳችሁ ሕመሙ ከጀመረ ላለፉት ወራት አካፍሉት። ሰውየው 18 ወር ታሞ 30 ካገኘ በወር 1 ነጥብ እየጣለ ነው። እኔ ከየትኛውም የደም ቁጥር በፊት የማየው ይህን ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ የአባቴ ሲኬ እና ትሮፖኒን ከፍ አለ፤ የልብ ድካም ይሆን?

መልስ፦ ሲኬ ከጡንቻ የሚወጣ ኢንዛይም ነው፤ በዚህ ሕመም በመጠኑ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። የጡንቻ መርፌ፣ ኢኤምጂ የተባለው በመርፌ የሚሠራ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራና ከባድ ሥራም ይጨምሩታል፤ ደሙ ከእነዚህ በፊት ይወሰድ። ትሮፖኒን ልብ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ትሮፖኒን ቲ የተባለው ግን ከተጎዳ የአካል ጡንቻም ሊመጣ ይችላል። ይበልጥ የልብን ብቻ የሚያሳየው ትሮፖኒን አይ (I) እና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይታዩ። ደረቱን ካመመው ግን ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሱት።

ጥያቄ፦ የትንፋሹ መድከም በደም ይታወቃል?

መልስ፦ በደም ጨዎች ምርመራ ላይ ባይካርቦኔት ከፍ ሲልና ክሎራይድ ሲወርድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። የጠዋት ራስ ምታት፣ የቀን እንቅልፍ፣ በጀርባ መተኛት አለመቻል ከታከሉበት አትጠብቁ። ኦክስጅን ብቻውን ሊያባብስ ይችላል፤ የሚያስፈልገው እንደ ባይፓፕ ያለ አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ የጓያ ሽባነትና ይህ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ጓያ ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ሲሆን ሁለቱን እግሮች ገትሮ ሽባ ያደርጋል፤ ጡንቻ ግን አያከሳም፣ ንግግርና መዋጥም አይነካም፣ መብላቱ ሲቆምም አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል። እጅ እየከሳ፣ ምላስ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ በጓያ አታሳብቡ፤ ወደ ነርቭ ሐኪም ሂዱ። ጓያ የግድ ከተበላ ዘፍዝፋችሁ፣ ቀቅላችሁ ውኃውን ድፉ፤ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር ቀላቅሉት። መርዙ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።