ዘራችሁን ስትፈልጉ ርስቱን ተከተሉ

ልጄ የዘር ሐረጓን እንድትሠራ የቤት ሥራ ተሰጥቷት መጣች። የእኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን ስም ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ "ቀጥሎስ?" አለችኝ። አላውቅም። አባቴ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጨርስ ሰው ነበር፤ በልጅነቴ እሱ ሲቆጥር እኔ ከኋላው እየተከተልኩ እቆጥር ነበር፤ ሰው አገር ሃያ ዓመት ስኖር ስሞቹ አንድ በአንድ ጠፉብኝ፤ እሱም አረፈ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እየፈለግኩ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት መንገድ ግን ስሕተት ነበር፤ ብዙዎቻችሁም በዚያው እየሄዳችሁ እንደሆነ ከምትጠይቁኝ ጥያቄ ይገባኛል። እዚህ ያሉ ጎረቤቶቻችን የቤተሰብ ስማቸውን ኮምፒውተር ላይ ጽፈው የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ይወጣላቸዋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስማችን በየትውልዱ ይለወጣል። የልደት ምዝገባም በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የቅድመ አያታችሁን የልደት ሰርተፊኬት ስትፈልጉ ጊዜ አታጥፉ።

ታዲያ አባቶቻችን ስማቸው ወረቀት ላይ የሰፈረው መቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ሲከራከሩ ነው።

በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይ፣ በሰሜን ሸዋና በወሎም ብዙ ቦታ ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው፣ መወለድን አስረድቶ ነበር። ዘር የሚቆጠረውም ለጋብቻ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ነው። ከሳሹ ዳኛ ፊት ቆሞ "እኔ የእገሌ ልጅ፣ እሱ የእገሊት ልጅ" እያለ እስከ አቅኚው ይወጣል፤ ተከሳሹም በበኩሉ ይቆጥራል፤ ምስክሮች ይጠራሉ፤ ጸሐፊው ሁሉንም ይጽፋል። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ ደግሞ እኛ "እገሌ ወልደ እገሌ" ስንል የምንዘላቸው ሴቶች እዚያ በስማቸው ይገኛሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ይህ ሙግት ቆመ፤ ስለዚህ የምትፈልጉት ከዚያ በፊት ያለውን ፋይል ነው።

ፋይሎቹ በአንድ ቦታ አይገኙም። በየአካባቢው ፍርድ ቤትና አስተዳደር መዝገብ ቤት የቀሩ አሉ፤ አንዳንዱ አቧራ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱ በየዘመኑ ለውጥ ተቃጥሏል። አዲስ አበባ የመጀመሪያው በር ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። የተመሠረተው በ1936 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ሥራ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለዓመታት ስለ ወረዳና አውራጃ ታሪክ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈዋል፤ ብዙዎቹን በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ታገኛላችሁ። የትውልድ አገራችሁን የሚመለከት ፈልጉ። ሐተታውን ከማንበባችሁ በፊት የግርጌ ማስታወሻውንና የመጨረሻዎቹን ገጾች ተመልከቱ። ተማሪው የትኛውን ፋይል እንዳየ በቁጥር ጽፏል፤ ቃላቸውን የሰጡትን ሽማግሌዎችም ስም፣ ዕድሜና ቃል የሰጡበትን ቀን ዘርዝሯል። እኔ እንዲህ ባለ ዝርዝር ውስጥ የአባቴን አጎት አገኘሁ። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ መኖሩን ቤተሰቡ አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው የመሬት መዝገብ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቶቻችን ርስት ሲሸጡ፣ ሲናዘዙ፣ ሲታረቁ ውሉን በወንጌል ወይም በሌላ የብራና መጽሐፍ ዳርቻና ባዶ ገጽ ላይ ያስጽፉ ነበር፤ ገዢ፣ ሻጭ፣ ዋስ፣ ምስክር ሁሉ በስም ይጠቀሳል። መጽሐፉ ግዕዝ ቢሆንም እንዲህ ያለው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ አማርኛ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል፣ በሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ብዙውን በዝርዝር መዝግበውታል። በኢንተርኔት በነፃ ተመዝግባችሁ ብዙውን ማየት ትችላላችሁ። የሰው ስም ከመፈለግ ይልቅ በደብሩ ስም ጀምሩ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የቶማስ ኬን የብራና ስብስብ አለላችሁ፤ የአንባቢ መታወቂያው ነፃ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ቅድመ አያታችሁ በሰፈር የሚጠሩበት ስም፣ የክርስትና ስማቸውና የፈረስ ስማቸው ሦስት ሊሆን ይችላል። ብራናው ላይ የክርስትና ስማቸው ብቻ ተጽፎ "እነማን ናቸው?" ብላችሁ የምታልፏቸው ሰው የራሳችሁ አያት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አገር ቤት ስትደውሉ የክርስትና ስማቸውን ጠይቁ። የየትኛው ደብር ሰው እንደነበሩም ጠይቁ።

ዘመኑንም እንዲሁ። "መቼ ተወለዱ?" ብትሉ መልስ አታገኙም። "በጣልያን ጊዜ ነው ወይስ በፊት? ወንጌላዊው ማን ነበር?" በሉ። ዓመቶቻችን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም በየአራት ዓመቱ ይዞራሉና። ጣልያን የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ውስጥ ዘመነ ማርቆስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም 1930። ዘመነ ሉቃስም 1931 ብቻ ነው። አክስቴ የአባቴን ልደት "ጣልያን ሳለ፣ በሉቃስ" ስትለኝ ዓመቱን ያገኘሁት በዚህ ነው። የውጭ ማኅደር ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መጨመራችሁን አትርሱ።

የርስቱ መንገድ ለሁሉም አይሠራም። ከደቡብ ወይም ከምዕራብ ለመጣችሁ፣ መሬቱ በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ ከተለካ በኋላ ያለው የግብር ደረሰኝ ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ እናቶች ሣጥን ውስጥ አጣጥፈው ያስቀመጡት ወረቀት ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ፍራንክፈርት ያለው የፍሮቤኒየስ የባህል ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሡ ፎቶግራፎች አሉት፤ በኢንተርኔት ይታያሉ። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ደግሞ ርስት ተነፍገው ስለኖሩ በመሬት ሙግት ፋይል ውስጥ አያቶቻችሁን መፈለግ አያዋጣም፤ የእናንተ መዝገብ ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ያለውን፣ ቤተ እስራኤልን ያጠናውን የፋይትሎቪችን ስብስብም ጠይቁ። አያታችሁ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምተው ከነበረ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርን አነጋግሩ፤ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው የዘመቱት። እናታችሁ ወይም አባታችሁ እ.ኤ.አ. ከ1962 በኋላ በአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ተምረው ከሆነ እነዚያ መምህራን ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ የተማሪዎቻቸውን ፎቶ ያስቀመጡም አሉ።

የከተማ ልጆች የእድርን መዝገብ አትናቁት። አባል ሲመዘገብ የቤተሰቡም ስም አብሮ ይጻፋል፤ ለቅሶ ሲደረስም ይመዘገባል። የእድሩን ጸሐፊ በአክብሮት ጠይቁ፤ ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ጉዞው ደግሞ ልንገራችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ለሦስት ሳምንት ሄጄ ስምንቱን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጨረስኩት፤ የድጋፍ ደብዳቤ አልያዝኩም ነበር። አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር፣ ምን እንደምትፈልጉና ለምን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ያዙ፤ ፓስፖርታችሁንም እንዲሁ። ፎቶ ማንሣት መፈቀዱን ሳትጠይቁ ስልክ አታውጡ።

አንድ ነገር ከልብ እለምናችኋለሁ። በፋይሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደ ወንጌል አትያዙት። ሰው መሬት ለማግኘት ሲል የሌለ አባት ቆጥሯል፤ ያለውንም "ባዕድ ነው" ብሎ ክዷል። ተከራካሪን ለማዋረድ "ባሪያ ነበር" የተባለባቸው ሰዎች ዘር ዛሬ በሰላም ይኖራል። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ ፌስቡክ ላይ አታውጡት፤ መጀመሪያ ከቤተሰቡ ታላላቆች ጋር ተቀመጡ።

ቅጂውን ስታገኙ ሁለት አድርጉት፤ አንዱ አገር ቤት ይቅር። እኔ ከአንድ ፋይል ያመጣሁትን ለአክስቴ ሳነብላት ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየች፤ የምስክሮቹ ስም ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። "ሦስተኛውን ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት። "እሱማ የእናቴ ክርስትና አባት ነው፤ ከእናቱ ወገን ደግሞ ዘመዳችን ነው" አለች፤ ከዚያ በእሱ በኩል መቁጠር ጀመረች፤ እኔም እስክሪብቶ አወጣሁ።