የበግ ጠጉር ፈትል ለምን ይጓጉላል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው የምኖረው። ጥጥ መፍተል ከእናቴ ስለተማርኩ አያስቸግረኝም። ዘንድሮ ዘመድ ከመንዝ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የበግ ጠጉር አመጣልኝ። በሙቅ ውሃ በኦሞ እያሸሁ አጠብኩት። ከዚያ በሁለት የውሻ ጠጉር ማበጠሪያ ብሩሽ አበጠርኩት። ፈትሉ ግን ይጓጉላል፤ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። ጥፋቱ የብሩሹ ነው የእጄ? ለልጄ ሹራብ የሚሆን ክር ነበር የፈለግሁት።

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩሽሽም እጅሽም ደህና ናቸው። ነገሩ የተበላሸው ሳፋው ውስጥ ነው። ማበጠሪያ የተላቀቀውን ጠጉር ያሰልፋል እንጂ የተቆላለፈውን አይፈታም። የበግ ጠጉር ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለ። ሙቀትና ሳሙና አግኝቶ ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዛል። አንዴ ከተያያዘ አለቀ። በእጅሽ ስትስቢው አልላቀቅ ያለሽን ለይተሽ ለትራስ አድርጊው፤ ከሱ ጋር አትታገዪ።

ያልታጠበ የተረፈሽ ካለ ደግሞ እንዲህ ያዢው። መጀመሪያ በቀን ብርሃን ዘርጊው። የሆዱን፣ የእግሩንና ቆሻሻ የጋገረበትን የጭራውን አካባቢ ሳትሳሺ አውጪ። ከጎኑ አንድ ዘለላ ምዘዢ። ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ጆሮሽ አጠገብ በድንገት ሳብ አድርጊው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። ከመሃሉ ከተቀነጠሰ በጉ ታሞ ወይም ተርቦ ከርሟል ማለት ነው፤ ያ ጠጉር እንዝርት ላይም መበጠሱ አይቀርም። ሸላቹ በአንድ ቦታ መቀሱን ሲደግም የሚቀሩ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ቁርጥራጮችም አሉ። እነሱን አራግፊ። ግማሹ ጓጉላ የሚመጣው ከነሱ ነው።

ወደ እጥበቱ። ውሃው 60 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ እጅ የማይችለው፣ ግን ያልፈላ። የበግ ጠጉር ላኖሊን የሚባል ቅባት አለው፤ የሚቀልጠው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለብ ያለ ውሃ አያወጣውም፣ ውሃው ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ይለጠፋል። ኦሞውን ተዪው፣ የዱቄት ሳሙና ለሱፍ ይከብዳል። ትንሽ ላርጎ ይበቃል። በረኪና ግን በጭራሽ! ጠጉሩን ያሟሟዋል። ጠጉሩን በሽንኩርት መረብ ከረጢት ላላ አድርገሽ ጨምሪና ሩብ ሰዓት ያህል ንከሪው። አትሺው፣ አታማስዪው፣ የቧንቧ ውሃ አታውርጂበት። ስታለቀልቂውም በእኩል ሙቀት ውሃ ይሁን፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ድንገት ከገባ ይኮማተራል።

ማድረቁ ላይ የጅማ ዝናብ አያፈናፍንም፣ ታውቂዋለሽ። ወለል ላይ ከተዘረጋ ውስጥ ውስጡን ይሸታል። እኔ የምወደው ቡና የሚሰጣበትን የሽቦ አልጋ ነው፤ ነፋስ ከሥርም ከላይም ያገኘዋል። ቡና ከተሰጣበት አልጋ ጎን ግን አትዘርጊው። ቡና ሽታ ይስባል፣ የሰው ልፋት እንዳይበላሽ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ብሩሽ ከማንሳትሽ በፊት ጠጉሩን ዘለላ በዘለላ በጣትሽ ፍቺው። የዘለላውን ጫፍ ልብ ብለሽ እዪው፤ ፀሐይና ዝናብ ያደረቀው፣ የተጣበቀ ነጥብ አለ። ያ ሳይከፈት ብሩሽ ላይ ከወጣ ይበጠስና ጓጉላ ይሆናል። ጫፉን ከፍተሽ ዘለላውን ወደ ጎን ሳብ ሳብ አድርጊው፣ ብርሃን እስኪያሳይ ድረስ። ገለባውና አፈሩ ራሱ ይረግፋል። በዚያው የመንዝ በግ ሁለት ዓይነት ጠጉር እንዳለው ጣትሽ ይነግርሻል፤ አንዱ ረጅምና ሻካራ፣ ሌላው ከሥር ያለ አጭርና ለስላሳ። ረጅሙን ጫፉን ይዘሽ ስትመዢው ይወጣልሻል። ለልጅሽ ሹራብ የሥሩን ያዢ። ሻካራው ለባና ወይም ለምንጣፍ ይሁን፤ የልጅ አንገት ላይ አይደረግም። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፣ አልዋሽሽም። ግን ክሩ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ብሩሹ ላይ ጥቂት ብቻ ጫኚ። ጥርስ ከጥርስ አታፋጪ፤ ከጫፉ ጀምረሽ ከላይ ከላይ ዳበስ አድርጊው። የሽቦ ጩኸት ከሰማሽ ተጭነሻል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሁለት ሦስቴ ካለፈ በቃ፣ ከዚያ በላይ ጠጉሩን መስበር ነው። በብሩሹ ጀርባ ላይ ጠቅልለሽ እንደ ጥጡ አመልማሎ አድርጊው፣ ላላ ያለ።

እጅሽ ጥጥ ለምዷል። ጥጥ አጭር ስለሆነ በደንብ መክረር አለበት። ሱፍ እንደዚያ ከከረረ ክሩ ይደርቃል፣ ሹራቡም ይኮሰኩሳል። እጆችሽን አራርቂ፣ ከበድ ያለ እንዝርት ያዢ፣ ሽክርክሪቱን ቀንሺ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ለአረፋ ያረድነው በግ ቆዳ ከነጠጉሩ አለ። ባለቤቴ ፈትል ትወዳለች። ከመንዝ ከማስመጣት ከሱ ሸልታ ብትፈትል አይሆንም? (ከሂርማታ)

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። እኛ ገበያ የምናየው የቦንጋም ሆነ የሆሮ በግ ጠጉሩ አጭርና የተኛ ነው። ጥቂቱን ንቀልና በሁለት ጣትህ ጠምዝዘው፤ ስትለቀው ወዲያው ይፈታል። እርስ በርሱ የማይያያዝ ጠጉር ክር አይወጣውም። መንዝ ብርድ ስለሆነ በጉ ሱፍ ይለብሳል፣ የእኛው ሙቀት የለመደ ነው። ቆዳውን ግን አትጣለው፤ ከነጠጉሩ ቆዳ ለሚያለፋ ሰው ስጠው፣ ጥሩ መቀመጫ ይወጣዋል። በሚቀጥለው በዓል ደግሞ በጉ እንደተገፈፈ የሥጋውን በኩል ወዲያው በጨው ሸፍነው። ካደረ በኋላ ጠጉሩ መርገፍ ይጀምራል፣ ያኔ ለምንም አይሆንም።