መጀመሪያ እርካቡን ለካው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ዴዶ ወረዳ ውስጥ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ከተመደብክ ስድስት ወር ሆኖሃል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሰዓት ለመሄድ ሁለት ሰዓት ለመመለስ ፈረስ ላይ ትውላለህ። ገና ግማሽ ሰዓት ሳትሄድ እግርህ ይደነዝዛል፤ ቁርጭምጭሚትህን ያምሃል። ቀጥሎ ቀኝ ጉልበትህ ከውጭ በኩል ይወጋሃል፤ ስትወርድ ደግሞ አጥር ካልያዝክ መቆም ያቅትሃል። «ዕድሜዬ 34 ነው። ፈረሱን ልተው ወይስ ዝውውር ልጠይቅ?» ብለሃል። በዕድሜ ታላቅህ ሳልሆን አልቀርምና አንተ እያልኩ ልጻፍልህ።

ማመልከቻውን ከመጻፍህ በፊት ሁለት ሳምንት ታገሥ። እኔ ከ1998 እስከ 2010 ዓ.ም. በዚያው በዴዶ በኩል የጉድኝት ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ከአምስቱ ትምህርት ቤቶቼ ሁለቱ ብቻ ነበሩ መኪና መንገድ ዳር ያሉት፤ ወደ ሌሎቹ የምሄደው በፈረስ ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ከጋሪ ፈረስ በቀር ፈረስ ቀርቤ አላውቅም ነበር። እንዳንተው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን አመመኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጉልበቴን ሳሽ ከረምኩ። ያልተቀባሁት ቅባት፣ ያልዋጥኩት ክኒን አልነበረም። ማታ ማታ በሞቀ ውኃና በጨው እነክረዋለሁ፤ ጠዋት ተሽሎኝ እነሳለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ሕመሙ እዚያው ይጠብቀኛል።

መፍትሔው የመጣው ፈረሱን ካከራዩኝ አባወራ ነው። አንድ ቀን ከፈረስ ወርጄ ጉልበቴን ይዤ ስቆም አዩኝና ምንም ሳይሉ ወደ ፈረሱ ሄዱ። ኮርቻውን አውርደው ሣር ላይ ገለበጡት። ሁለቱን የእርካብ ጠፍሮች፣ እርካቡ የሚንጠለጠልባቸውን የቆዳ ማሰሪያዎች፣ ጎን ለጎን ዘረጉና በጣታቸው መለካት ጀመሩ። የግራው ከቀኙ በሦስት ጣት ይረዝማል። ሁልጊዜ በግራ በኩል ስለምወጣ ክብደቴን ሁሉ የሚሸከመው የግራው ጠፍር ነው፤ ቆዳ ደግሞ ሲጎተት ይለጠጣል። «ጉልበትህ ምን ያድርግ? አንዱን እግርህን በርጩማ ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ አድርገህ እኮ ነው ቀኑን ሙሉ የምትውለው» አሉኝ።

የአንተም ቀኝ ጉልበት ነው። በግራ በኩል የምትወጣ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው። የግራው ጠፍር ሲለጠጥ ቀኙ አጭር ሆኖ ይቀራል፣ ቀኝ ጉልበትህ ከልክ በላይ ታጥፎ ይውላል፣ የጉልበትህ ሎሚም ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደተጫነ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ኮርቻውን አውርደህ ሁለቱን ጠፍሮች በሲባጎ ለካ። ልዩነት ካለ ገበያ ወርደህ ለጫማ ሰፊ ስጠው፤ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ ይበሳልሃል። ቀዳዳዎቹን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር አራርቆ እንዲበሳ ንገረው፤ ከዚያ በላይ ከተራራቁ ልክህን አታገኝም። እኔ ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ እያዛወርኩ እኩል እንዲለጠጡ አደርግ ነበር።

እኩል መሆናቸው ብቻ አይበቃም፤ ርዝመታቸውም ልክህ መሆን አለበት። መሬት ላይ ቆመህ የቀኝ እጅህን ጣቶች ጠፍሩ ከኮርቻው በሚነሳበት ላይ አድርግና እርካቡን በክንድህ ሥር ወደ ብብትህ ሳበው። ብብትህ ድረስ ከደረሰ ለመነሻ ጥሩ ነው። ከዚያ ውጣና እግሮችህን ከእርካብ አውጥተህ አንጠልጥላቸው። የእርካቡ ወለል የቁርጭምጭሚትህን አጥንት መንካት አለበት። ከአጥንቱ በላይ ከቀረ አጥሯል፤ ጉልበትህን ይጎዳዋል። ከዚያ በታች ከወረደ ደግሞ ረዝሟል፤ እርካቡን በጣትህ ጫፍ ስትፈልግ ትውላለህ፣ ባትህና ቁርጭምጭሚትህ ይዝላሉ። ጉልበቱ የታመመ ሰው ከዚህ ልክ አንድ ቀዳዳ ቢያረዝም ይሻለዋል። እኔ የማረፈው እንዲያ ሳደርግ ነው።

አሁን ከውጭ በኩል ወደሚወጋህ ልምጣ። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ መታጠፍና መዘርጋት እንጂ መጠምዘዝ አይወድም። እርካብ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል ከፈረሱ ጎን ተለጥፎ ነው የሚውለው። አንተ ግን እግርህን ወደ ፊት ነው የምታስገባው። ጠፍሩ ደረቅና ወፍራም ከሆነ ሁልጊዜ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል፤ የሚታገለውም ከጉልበትህ ጋር ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ ይጠመዝዘዋል፤ ሁለት ሰዓት ስትሄድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚሆን አስበው። እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው፦ ኮርቻውን ግንድ ላይ ጫንኩት፣ ጠፍሮቹን በእርጥብ ጨርቅ አርሼ ቅባት ቀባኋቸው፣ ከዚያ እያንዳንዱን እርካብ እግር በሚገባበት አቅጣጫ ግማሽ ዙር አዞርኩና ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ከአንዱ ወደ ሌላው አሳልፌ አሳደርኩት። ጠዋት እንጨቱ ሲወጣ ጠፍሩ ግማሹን ይመለስና እርካቡ ወደ ፊት እንዳየ ይቀራል። ለሦስት ሌሊት ደጋገምኩት። ልዩነቱን የተረዳሁት በአራተኛው ቀን ነው፤ አንድ ሰዓት ሄጄ ጉልበቴ መኖሩን ረስቼው ነበር።

ወደ ቁርጭምጭሚቱ ስንመጣ፣ አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል። ሁለተኛ «ተረከዝህን አውርድ» ሲሉት ወደ ታች ይገፋዋል፣ ቁርጭምጭሚቱም ግትር ይላል። የገተረ ቁርጭምጭሚት ፈረሱ ሲራመድ የሚያነጥረውን ሁሉ ሳያበርድ ወደ ጉልበት ያሳልፈዋል። እርካቡን ከጣቶችህ ሥር ባለው ሰፊው የእግርህ ክፍል ላይ አሳርፈው፤ በጣም ካመመህ ትንሽ ወደ መሐል እግር አስጠጋው። ተረከዝህን አትግፋው፣ በራሱ ክብደት ይውረድ። በድሮው የአገራችን እርካብ ጋላቢው በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ ነበር ቀለበቱ ውስጥ የሚያስገባው። በእንዲያ ያለ እርካብ ላይ ቆሞ መሄድ ስለማይቻል ክብደት የሚያርፈው መቀመጫና ጭን ላይ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ነጻ ሆኖ ይወዛወዛል። ጫማ ለብሰህ በአውራ ጣት ጋልብ ማለቴ አይደለም። ሐሳቡን ግን ያዘው፦ እርካብ እግርህን ማሳረፊያ እንጂ መቆሚያ አይደለም።

የመደንዘዙ ነገር ብዙ ጊዜ ከቀጭን ብረት ይመጣል። የእርካብህ ወለል እንደ ጣት የቀጠነ ከሆነ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ቆርጠህ ወለሉን ብቻ ጠቅልለው። ጎንና ጎኑን አትጠቅልል፤ ስትወድቅ እግርህ ወዲያው መውጣት አለበት። ለዚያውም እርካቡ ከጫማህ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ጣት ይስፋ። ክረምት ላይ ለጭቃው ብለህ ሰፊ የላስቲክ ቦቲ አድርገህ አትጋልብ፤ ይሰነቀራል። ተረከዝ የሌለው ሸራ ጫማም ሾልኮ ያልፋል። ትንሽ ተረከዝ ያለው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ የቆዳ ጫማ ይሻላል፤ ክሩን ግን ከላይ አታጥብቀው።

ሌላው ጉልበትን የሚገድለው በጉልበት ቆንጥጦ መያዝ ነው። ቁልቁለት ላይ ስንፈራ ሁላችንም እናደርገዋለን። ስትፈራ ጭንህን ሙሉውን አስተኛው፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ በግራ እጅህ የኮርቻውን ፊት ያዝ። ኮርቻው ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ እንደሆነም ከኋላ የሚከተልህ ሰው አይቶ ይንገርህ፤ አንተ ላይ ተቀምጠህ አታየውም። ያዘመመ ኮርቻ አንተን ብቻ ሳይሆን የፈረሱንም ጀርባ ያቆስላል።

ከምትጋልበው ፈረስ አረማመድም ብዙ ነገር ይወሰናል። ሶምሶማ ጉልበት የታመመን ሰው ይጨርሰዋል። ሰጋር ፈረስ ወይም ሰጋር በቅሎ ካገኘህ ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም ውሰድ፤ ሰጋር አያነጥርም። ይህ የጅማ ምድር ፈረስ የሚያውቅ ሰው የሞላበት ነው፤ አባ ጅፋርን እንኳ ዓለም የሚያውቃቸው በፈረስ ስማቸው ነው። የቀበሌህን ሽማግሌዎች «ሰጋር ያለው ማነው?» ብለህ ብትጠይቅ በደስታ ይመሩሃል። ካላገኘህ ሶምሶማውን ተወውና በእርምጃ ሂድ፤ ሃያ ደቂቃ ዘግይተህ ትደርሳለህ እንጂ ሌላ ምንም አይጎድልብህም።

በየግማሽ ሰዓቱ ሜዳ ላይ እግሮችህን ከእርካብ አውጥተህ አንጠልጥላቸው፤ ቁርጭምጭሚትህን አሥር ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አሥር ጊዜ ወደ ግራ አዙር። ረጅም ቁልቁለት ሲመጣ ውረድና በእግርህ ሂድ። ለጉልበትህም ለፈረሱም ይጠቅማል። ስትወጣ ከመሬት አትውጣ፣ ድንጋይ ወይም ግንድ ፈልግ፤ ከመሬት ስትወጣ ሰውነትህ ሁሉ በአንድ የታጠፈ ጉልበት ላይ ነው የሚዞረው። ስትወርድ ሁለቱንም እግርህን ከእርካብ አውጣ፣ በሆድህ ኮርቻው ላይ ተደገፍ፣ ቀስ ብለህ ተንሸራተት፤ መሬት ስትነካ ጉልበትህ በትንሹ የታጠፈ ይሁን። ሁለት ሰዓት ደንዝዞ በቆየ እግር ከላይ ዘልሎ መውረድ ነው አጥር የሚያሲዝህ።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ብዙ አይደለም፣ ግን ሳይቋረጥ ይሠራ። ማታ ደረጃ ጫፍ ላይ በግማሽ እግርህ ቁምና ተረከዝህን ቀስ ብለህ ወደ ታች ልቀቀው፤ 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በጀርባህ ተኛና አንዱን እግር ሳታጥፍ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አንሣው፤ አምስት ቆጥረህ አውርድ፤ ለእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ። የፊት ጭን ሲጠነክር የጉልበት ሎሚ በመንገዱ ይሄዳል። ከስድስት ሳምንት በፊት ለውጥ አትጠብቅ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። በ2004 ዓ.ም. ፈረሱ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ወደቅኩ፤ ቁርጭምጭሚቴ ወዲያው አበጠ። በዚያው ሰዓት ወጌሻ ጋ ወሰዱኝና በቅቤ እያሸ ጎተተው። ሌሊቱን እግሬ እጥፍ ሆነ፤ ሁለት ወር አነከስኩ። ትኩስ እብጠት አይታሽም፣ አይጎተትም። በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው ካሰሩት ደግሞ የባሰ ነው፤ ደም ተቋርጦ እግራቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። እንዲያ ያለ ነገር ከደረሰብህ ጫማህን አውልቅ፣ በቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ የራሰ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርግበት፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ። አራት እርምጃ መሄድ ካቃተህ ሳታድር ራጅ ወዳለበት ሂድ። ጅማ ከተማ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የአጥንት ሐኪሞች አሉት።

ሳትወድቅም ቢሆን ጉልበትህ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ፣ መሐል ላይ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ስትቆም ድንገት ከከዳህ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለህ የጠፍር ነገር አይደለም፤ ልኬቱን ትተህ ሐኪም ዘንድ ቅረብ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለመንገድ ብለህ አትዋጥ። እኔ እንዲያ እያደረግኩ ጨጓራዬን አቆሰልኩ። ሕመሙንም አፍኜው ስለነበር እርካቡን ለማየት አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ዛሬ ማታ ለካና ግራና ቀኙ በስንት ጣት እንደሚበላለጥ እዚሁ ጻፍልኝ። በየትኛው በኩል እንደምትወጣና የምታደርገውን ጫማ ዓይነትም ጨምርልኝ፤ ነገ ከሥራ ስገባ አይቼ እመልስልሃለሁ።