«ከሕፃን እስከ አዛውንት» ሲባል እናንተም አላችሁበት

እንደምን አላችሁ ልጆች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ላይብረሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ መጽሐፍ ማዋስ፣ የተገነጠለ ገጽ መለጠፍ፣ «እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩ» ማለት፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ መጎተት፣ ይሄ ነበር ሥራዬ። ከዛ ሁሉ ውስጥ እስካሁን የሚናፍቀኝ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምንጀምረው የክረምት ንባብ ፕሮግራም ነው። ስለሱ ልጽፍላችሁ ነው፣ በተለይ ደሞ ከ14 እስከ 25 ምናምን ለሆናችሁት፣ ምክንያቱም ያጣነው እናንተን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ፖስተር እንሠራለን፣ ፖስተሩ ላይ በትልቁ «ከሕፃን እስከ አዛውንት» እንጽፋለን፣ ከዛ የምዝገባው ቀን በር ስንከፍት መጀመሪያ ሕፃን ያቀፉ ወላጆች ይገባሉ፣ ቀጥሎ ሰባት ስምንት ዓመት የሆናቸው እየተጋፉ፣ ከዛ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አዛውንቶች ቀስ ብለው። መሀሉ የለም። የሆነ ሰው በመቀስ ቆርጦ ያወጣው ይመስላል።

ጠፍታችሁ አይደለም እኮ፣ እዛው ናችሁ፣ ሶኬት ያለበት ወንበር ላይ ስልክ ቻርጅ እያደረጋችሁ፣ ዋይፋይ እየተጠቀማችሁ (ቅሬታ አይደለም፣ ላይብረሪ ለዛም ነው)። አንዱን ልጅ «አትመዘገብም?» ስለው ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቅሎ «ይሄ የልጆች አይደል እንዴ?» አለኝ። ጥፋቱ የኛም ነው፣ ፖስተሩ ላይ የሳልነው ፊኛ የያዘ ድብ ነበር።

ለማታውቁት አሠራሩ ቀላል ነው። ትመዘገባላችሁ፣ ካርድ ይሰጣችኋል (አሁን አሁን ብዙ ቦታ በአፕ ሆኗል)፣ በየቀኑ ያነበባችሁትን ደቂቃ ወይ የጨረሳችሁትን መጽሐፍ ትሞላላችሁ፣ ካርዱ ሲሞላ ትንሽ ሽልማት አለ፣ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ነው፣ መጨረሻ ላይ ዕጣ ይወጣል። ለሕፃን የሚነበብለት ይቆጠርለታል። ለትልቅ ሰው ኦዲዮ ቡክም፣ በስልክ የሚነበበውም፣ በሥዕል የተሠራው ታሪክም ብዙ ቦታ ይቆጠራል። ዝርዝሩ ከላይብረሪ ላይብረሪ ይለያያል፣ ዴስኩ ላይ ያለውን ሰው ጠይቁት፣ ሲጠየቅ ነው ደስ የሚለው።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ ደሞ። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው (የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ የክሊቭላንድ ሕዝብ ላይብረሪ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እንግሊዝ አገር ደሞ ከ1999 ጀምሮ ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች በክረምት እረፍታቸው ብዙ ጊዜ ስድስት መጽሐፍ እንዲያነቡ የሚጋብዝ ትልቅ ፕሮግራም አለ። 11 ላይ ሲቆም አያችሁ? እዛም ቢሆን ከዛ በኋላ ያለው ዕድሜ ራሱን ይቻል ተብሎ ተተወ ማለት ነው።

አሁን ወደራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ምክሬ ሁሉ ከዛ ስለሚመጣ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት ወጣት ነበርኩ፣ ጉልበቱም ጉራውም ነበረኝ፣ እና «ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ትልቁን ሽልማት ይወስዳል» የሚል ሕግ አወጣሁ። ግድግዳው ላይ የስም ዝርዝር ሰቅዬ በየጠዋቱ ኮከብ እለጥፋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ቀጫጭኑ መጽሐፍ በሙሉ ከመደርደሪያ አለቀ። ልጆች በር ላይ ቆመው ገጽ ይቆጥራሉ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ይመልሳሉ። አንዲት ልጅ ግን፣ 13 ቢሆናት ነው፣ ክረምቱን ሙሉ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዛ መስኮቱ ጋ ትቀመጥ ነበር፣ አንዳንዴ ብቻዋን ትስቃለች፣ አንድ ቀን ደሞ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። መጨረሻ ላይ በስሟ ትይዩ የነበረው አንድ ኮከብ ነው። ያሸነፈውን ልጅ ከያዛቸው 60 ምናምን መጻሕፍት ስለ አንዱ ንገረኝ ስለው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነገረኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ቁጠር ተባለ፣ ቆጠረ። በሚቀጥለው ክረምት እሷም አልመጣችም እሱም አልመጣም።

ከዓመታት በኋላ ነው ስለ አንድ ጥናት ያነበብኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ነው። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የሚባሉ ተመራማሪዎች መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በማርከር ሥዕል መሳል የሚወዱ ልጆችን መርጠው ለአንዱ ቡድን «ከሳላችሁ ሪባን ያለው ሰርተፍኬት እንሰጣችኋለን» አሏቸው፣ ለሌላው ሳይነግሩ ከሳሉ በኋላ በድንገት ሰጡ፣ ለሦስተኛው ምንም አልሰጡም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሩን ክፍሉ ውስጥ ዝም ብለው ሲያስቀምጡት፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች ሲስሉ የቆዩት የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በድንገት የተሰጣቸው ግን ምንም አልቀነሱም። ይሄን ሳነብ ያ የኮከብ ግድግዳ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ስለዚህ ሽልማቱን ውሰዱ፣ ለምን አትወስዱም፣ ግን ለሱ ብላችሁ መጽሐፍ አትምረጡ።

ምርጫ ስል። ከ2010 ጀምሮ ብዙ የተጠቀሰ ሌላ ጥናት አለ፣ አሊንግተንና ማክጊል-ፍራንዘን የሠሩት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ ለመጡ ልጆች ለሦስት ተከታታይ ክረምት 12፣ 12 መጽሐፍ ሰጧቸው፣ ውጤቱ የክረምት ትምህርት ከመማር ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኘ። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም፣ መጻሕፍቱን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። የመረጡት ደሞ አስተማሪ የሚያሞግሰውን ሳይሆን ስለ ዘፋኝና ስለ ፊልም ተዋናይ ምናምን የሚያወራውን ነው።

እና እናንተም ደፈር በሉ። ዕድሜያችሁን የማይመጥን የሚመስል ቀላል መጽሐፍ ማንበብ ከፈለጋችሁ አንብቡ። ስምንተኛ ክፍል እያላችሁ የወደዳችሁትን እንደገና ማንበብ ከፈለጋችሁ አንብቡ፣ ይቆጠራል። 50 ገጽ ሄዳችሁ ካልያዛችሁ መልሱት፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግማሽ ላይ የተተወ መጽሐፍ ስቀበል ኖሬያለሁ፣ አንድም ቀን ማንንም «ለምን አልጨረስክም» ብዬ አላውቅም፣ ግን ብዙ ወጣት ያልጨረሰውን መጽሐፍ የሚመልሰው እንደሰረቀ ሰው ነው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መመለሻ ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ይሮጣል። ከዛ ሌላ ለመዋስ አይመጣም። እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።

«በክረምት የተማርከው ሁሉ ይጠፋል» ብለው የሚያስፈራሯችሁ ካሉ ብዙ አትስሙ። በ1996 የወጣ የጥናቶች ድምር በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ይጠፋል ብሎ ነበር፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደሞ ነገሩን ያገነነው የፈተናው አለካክ ነው ብለው ተከራክረውበታል። እነሱ ይከራከሩ። ፈርቶ የሚያነብ ሰው ፍርሃቱ ሲለቀው ንባቡንም ያቆማል፣ ይሄን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ስልክ ጣሉ አልልም፣ እኔም አልጣልኩትም። ሂሳቡን ግን እዩት፣ በቀን 20 ደቂቃ ለ60 ቀን 1200 ደቂቃ ነው፣ ማለትም 20 ሰዓት፣ አሥር አሥር ሰዓት የሚፈጁ ሁለት ኦዲዮ ቡክ ዕቃ እያጠባችሁ ይጨረሳሉ። በቃ ይሄው ነው።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ፣ ታናናሾቻችሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ ትንሽ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ሁሌም ያንሰናል። ሠራተኛው ሥራ አለበት፣ ወላጅ ይቸኩላል፣ ደሞ ወላጅ ያርማል። ትንሽ ልጅ ደሞ እንደ መታረም የሚጠላው ነገር የለም። ለዚህ ነው በ1999 በአሜሪካዋ ከተማ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ልጆች ለሠለጠነ ውሻ ጮክ ብለው የሚያነቡበት ፕሮግራም የተጀመረው፣ ከዛ ወደ ብዙ ላይብረሪዎች ሄደ። ውሻ አያርምም፣ ሰዓት አያይም፣ «ይሄን ቃል ትናንት አውቀኸው አልነበር?» አይልም። ውሻ ሁኑ ማለቴ አይደለም፣ ግን ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ 15 ደቂቃ ሳታርሙ ብትሰሙት፣ ቃል ሲይዘው አምስት ሰከንድ ብትታገሡ፣ ለሱ ከአስተማሪም ከወላጅም የተለየ ነገር ነው የምትሆኑት፣ ምክንያቱም እናንተ ትልልቅ ናችሁ ግን ትልቅ ሰው አይደላችሁም። እኛ ይሄን ደረጃ ካለፍነው ቆየን። እና ደቂቃው ለሁለታችሁም ካርድ ላይ ይገባል፣ ለሱ ስላነበበ፣ ለናንተ ስለሰማችሁ። ይሄን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በዚህኛው አላፍርም።

አዛውንቶቹም ጋ እንደዛው ነው። አንድ ክረምት የ17 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ሙላ ስላለው ብቻ መጣ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ እኔም የት ላስቀምጠው ብዬ ዓይናቸው ከደከመ አንድ አባት ጋ አገናኘሁት፣ ሁሌ በትልልቅ ፊደል የታተመ መጽሐፍ እየፈለጉ ከሚያጡ። ልጁ ያነባል፣ እሳቸው ይሰማሉ። መጀመሪያ ላይ እንደ ዜና አንባቢ ነበር ድምፁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልብ ወለድ ጨረሱና አባትየው ጀግናው መጨረሻ ላይ ያደረገው ልክ አይደለም አሉ፣ ልጁ ልክ ነው አለ፣ እሳቸው በኔ ዕድሜ ሲሆን ይገባሃል አሉ፣ እሱ በኔ ዕድሜ የነበሩትን ረስተውታል አላቸው፣ ደንግጬ ቀና ስል እሳቸው እየሳቁ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ተከራከሩ፣ ቀስ በሉ የሚል ምልክት ሁለቴ አሳየኋቸው፣ አላዩኝም። ሲጨርሱ ሁለቱም ካርዳቸውን ይዘው ዴስኩ ጋ መጡ፣ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ክርክሩስ ይቆጠራል ወይ?» አሉኝ።

ሕጉ ላይ የለም ነበር። ማህተሙን አንስቼ ሁለቱም ካርድ ላይ መታሁ፣ አርባ፣ አርባ።