ለ«ቴክ ኬር» ምትክ ቃል ለጠየቅሽው እህት

ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት ስልጠና) ጨርሰሽ እዚህ ሜሪላንድ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአዛውንት መጦሪያ ገብተሻል። የሠራሽውን የምትመዘግቢበት ኖት ላይ ሁሌ «አይ ቱክ ኬር ኦቭ ሂም» (ተንከባከብኳቸው) እያልሽ ስለምትጽፊ ሱፐርቫይዘርሽ «ሌላ እንግሊዝኛ የለሽም ወይ?» አለችሽ። አንቺም ተመሳሳይ ቃላት ንገሩኝ አልሽ። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች ሉክ አፍተር፣ ሲ ቱ፣ ተንድ ቱ፣ ማይንድ፣ ሃንድል፣ ዲል ዊዝ እያሉ ከኢንተርኔት ገልብጠው ደርድረውልሻል። በሞቴ፣ ያንን ዝርዝር እንዳለ ወደ ቻርት፣ ወደ ታካሚው መዝገብ አታስገቢው። እኔን ያገኘኝ እንዳያገኝሽ።

1. ሃንድል የሚለውን ቃል ለሰው እንዳትጽፊ። ለስልክ፣ ለወረቀት፣ ለቅሬታ ይሆናል። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለሰው ሲጻፍ ግን «ራፍ ሃንድሊንግ» የሚባለውን ያስታውሳቸዋል። ሽማግሌ አንገላታች እንደ ማለት ነው።

የሌሊት ሺፍት ላይ ነበርኩ። አንድ አዛውንት ብቻቸውን ከአልጋ ሊወርዱ ሲሉ ደረስኩባቸው። ጌይት ቤልቱን (ሰው ስንደግፍ ወገቡ ላይ የምናስረውን ቀበቶ) አሰርኩላቸው፣ ቀስ አድርጌ ዊልቸር ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ቻርጅ ነርሷን፣ የሺፍቱን ኃላፊ ነርስ ጠራሁ። ክንዳቸው ላይ የበለዘ ነገር ነበር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስዱ ትንሽ ነገር ሲነካቸው ይበልዛሉ፤ ፎቁ ላይ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ሪፖርት ሙይ ተባልኩ። «አይ ሃንድልድ ሂም ኬርፉሊ» ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ አስቢው እስቲ። «በጥንቃቄ ያዝኳቸው» ነው። ምን ነውር አለው?

ጠዋት ቢሮ ተጠራሁ። የጠራችኝ ሴትዮ ቁጭ በይ እንኳን አላለችኝም። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሃንድልድ የምትለዋ ቃል በቢጫ ማርከር ተቀብታለች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ ቃሏን መታ መታ አደረገቻት። ላስረዳ አፌን ስከፍት «እንግሊዝኛ ካልቻልሽ ለምን እዚህ ሥራ ገባሽ?» አለችኝ። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። እስኪጣራ ድረስ ያለ ደሞዝ ቤትሽ ተቀመጪ ተባልኩ።

ሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ማጎሳቆል ከተጠረጠረ ቤቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ አለበት። የማጣራቱን ውጤት ደግሞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ያቀርባል። የኔም አባት እንደዚህ ያለ ቤት ቢሆኑ እንዲጠበቁልኝ የምፈልገው እንዲሁ ነው። እኔን ያንገበገበኝ አዛውንቱን ቀድሞ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። አእምሯቸው ንጹሕ ነው። በኋላ ሲጠየቁ «ልወድቅ ስል የያዘችኝ እሷ ናት» አሉ፣ አለቀ። ወደ ሥራ ተመለስኩ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። እኔም ዝም አላልኩም፤ ያለፈኝን ደሞዝ በጽሑፍ ጠይቄ አስከፈልኩ። አንድ ገጽ ሙሉ፣ በዚያው «አልቻልሽም» በተባልኩበት እንግሊዝኛ። ሴትየዋ የምታውቀው አንድ ቋንቋ ነው፤ እኔ በሦስት አወራለሁ።

2. በአማርኛ አስበሽ በእንግሊዝኛ አትጻፊ። «ተከታተልኳቸው» ልትዪ ፈልገሽ ፎሎውድ ብትዪ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ ነው የሚሆነው። ሞኒተርድ በይ። «አየኋቸው» ብለሽ ዎችድ ከጻፍሽ የባሰ ነው። እኛ ልጁን እይልኝ ስንል ጠብቂልኝ ማለታችን ነው። እነሱ ግን «አይ ዎችድ ሂም» የሚለውን ካነበቡ በኋላ «ሂ ፌል» የሚል ከመጣ፣ ሰውዬው ሲወድቁ ቆመሽ ትመለከቺ ነበር ብለው ይረዱታል። «ጠየቅኳቸው»ም እንደዚሁ፤ የታመመ መጠየቅ በእንግሊዝኛ አስክድ አይደለም። ክፍላቸው ገብተሽ ካየሻቸው ቼክድ ኦን በይ።

3. የአንቺ ያልሆነ ሥራ አትውሰጂ። ትሪትድ (አከምኩ) እና አሰስድ (መረመርኩ) የነርስ ናቸው። ተረከዛቸው ቀልቶ ብታዪ ኦብዘርቭድ ብለሽ ያየሽውን ትጽፊያለሽ፣ ከዚያ ሪፖርትድ ቱ ወይም ኖቲፋይድ ብለሽ ለማን እንደነገርሽ ትጨምሪያለሽ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ቁስል አጥባ ቅባት የቀባች ይመስል ትሪትድ ብላ ጽፋ፣ ማን ፈቀደልሽ ተብላ ስትለቅስ አይቻለሁ። የሠራችው ነርሷን መጥራት ብቻ ነበር። ነርሷ ደግሞ አጠገቧ ቆማ እየሰማች «አዎ፣ ጠርታኛለች» ብትል ምን ነበረበት? እንደዚህ ዓይነቷን እግዜር ይይላት።

ቁጥሩን ልተወው፣ የቀረውን እንዲሁ ልንገርሽ።

ሱፐርቫይዘርሽ የፈለገችው ለቴክ ኬር ምትክ አይመስለኝም። ምን እንደሠራሽ ንገሪኝ ነው የምትልሽ። አጠብሽ? አለበስሽ? አበላሽ? አገላበጥሽ? እንደዚህ አድርገሽ ጻፊው፦ «አሲስትድ ዊዝ ሻወር ኤንድ ድሬሲንግ። ሪፖዚሽንድ ኦን ሌፍት ሳይድ። ኦብዘርቭድ ሬድነስ ኦን ራይት ሂል። ኖቲፋይድ ቻርጅ ነርስ።» ሰዓቱን እየጨመርሽ። እገዛው በአንድ ሰው ነው በሁለት ሰው የሚለውንም አትርሺ። ኤምዲኤስ የሚሉት የነዋሪዎቹ ጤና ግምገማ ሲሞላ የሚያገላብጡት የእኛን ቻርት ነው። ሲኤንኤ ለመሆን የፌደራሉ ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 75 ሰዓት ስልጠና ነው። እኔ በተማርኩበት ቦታ ከዚያ ውስጥ ለአጻጻፍ የተሰጠው ጊዜ ሻይ አያስጠጣም።

ፕሮቫይድድ የምትለዋ ጥሩ ናት፤ ከኋላዋ ግን ሥራው ይምጣ። «ፕሮቫይድድ ኦራል ኬር» ስትዪ አፋቸውን አጽድተሻል ማለት ነው። ደወል ሲደወል ሪስፖንድድ ቱ ኮል ላይት ነው። አተንድ ለስብሰባና ለክላስ ይሆናል፤ ለሰው ከሆነ ቱ የምትለዋን አትዝለያት። ሐኪሙ ራሱ አተንዲንግ ስለሚባል ያምታታል፤ እኔ ብተወው እላለሁ። ተንድ ቱ ደግሞ የሚያዘወትረውን ነገር ለመግለጽም ይገባል። ሉክ አፍተር ለወሬ ቆንጆ ናት፣ ለልጅ ጥበቃም ይሏታል፣ ኖት ላይ ግን እንደ ቴክ ኬር ባዶ ናት። ዲል ዊዝ ለችግር ነው። አባትሽን «ዲል አደረግኋቸው» ብትባዪ ደስ ይልሻል?

ቴክ ኬርንም ጨርሰሽ አትጣያት። ቤተሰብ ስልክ ሲደውል «ዊ አር ቴኪንግ ጉድ ኬር ኦቭ ሄር» ስትያቸው ልባቸው ያርፋል። ተናደሽ እያለ ግን «አይል ቴክ ኬር ኦቭ ሂም» እንዳትዪ፣ እንደ ዛቻም ይወሰዳል። ሻይ ስታዞሪ «ዉድ ዩ ኬር ፎር ቲ?» ሲባል ብትሰሚ አትደንግጪ፣ ሻይ ይፈልጋሉ ወይ ነው።

ሁለት ቃል ደግሞ ከአፍሽ አውጪ። በሰው እጅ የሚጎርሱትን ፊደር አትበያቸው፣ አሲስትድ ዊዝ ሚል ነው። ዳይፐርም ለሕፃን ነው፣ ለትልቅ ሰው ብሪፍ ይባላል። ኢንስፔክተር ፎቁ ላይ እያለ ፊደር ብለሽ ብትጣሪ ያን ቀን ቢሮ የምትጠሪው አንቺ ነሽ።

በነገራችን ላይ የለጠፍሽው የቻርት ፎቶ ላይ የክፍል ቁጥሩና የስማቸው መጀመሪያ ይታያል። ሂፓ ነው፣ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ፤ ሥራሽን ያሳጣሻል። አሁኑኑ አንሺው፣ ስልክሽ ላይም አታስቀሪው። መጻፍ የቸገረሽን ዓረፍተ ነገር ያለ ስም ኢንቦክስ ላኪልኝ። ዛሬ ሌሊት ሺፍት ነኝ፣ ጠዋት እመልስልሻለሁ።